ፊቱ ተሸፍኖ ሰውየው እንዳይጠፋ፦ በጭምብልና በተሸፈነ ፊት ፖርትሬት የማንሳት መመሪያ

በሀዋሳ ሐይቅ ዳር አመሻሽ ላይ የሚንሸራሸር ሰው ወዳጁን ከሩቅ ይለያል። ፊቱ ገና አልታየም። የትከሻው ማዘንበል፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ መራመዱ ይበቃዋል፤ ሴት ከሆነችም ነጠላዋን የምትጥልበት ጎን ይነግረዋል። ፊትን ሸፍኖ ፖርትሬት፣ ማለትም የአንድን ሰው ማንነት የሚያሳይ ፎቶ፣ ማንሳት የሚቻለው ሰው በፊቱ ብቻ ስለማይታወቅ ነው።

ለዚህ ሥራ አንድ መለኪያ አለኝ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ወደ እርሱ ያደላል። ፎቶው ካለቀ በኋላ ለተነሺው እናት፣ ለወንድሙ ወይም ለሥራ ባልደረባው ያለ ምንም ማብራሪያ ያሳዩት። «እሱ ነው» ካሉ ፖርትሬት ሠርተዋል። ማን እንደሆነ ካልለዩ ያነሡት የጭምብሉን ፎቶ ነው። ፎቶው ቆንጆ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጭምብሉን ማንም ቢያጠልቀው ያው ምስል ይወጣ ነበር። ይህን መለኪያ የሚገለብጠው አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ ነው፤ እርሱን በቦታው አነሣዋለሁ።

በመጀመሪያ ምክንያቱን ይወቁ

ካሜራዎን ከቦርሳ ከማውጣትዎ በፊት ከተነሺው ጋር ተቀምጠው ቡና ይጠጡ። ዓላማው እጆቹን ማየት ነው። ስኒውን በስንት ጣት ይይዛል? ሲያዳምጥ አንገቱን ወዴት ያዘነብላል? ሲናገር መዳፉን ይዘረጋል ወይስ ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል? ፊቱ ሲሸፈን በእጅዎ የሚቀረው ሀብት ይኸው ነው። ካዩት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ነገር ማስታወሻ ላይ ይጻፉ፤ በኋላ ተነሺው ጭምብል አጥልቆ ግራ ሲጋባ የሚመልሱት ወደ እነዚህ ነው።

ከዚያ በምን መሸፈን እንደሚፈልግ ራሱን ይጠይቁት። መልሱ ብዙ ጊዜ ከራስዎ ሐሳብ የተሻለ ነው። እኔ በጽኑ የማምነው መሸፈኛው ከሰውየው ኑሮ መምጣት እንዳለበት ነው። ከተማችን በዚህ ሀብታም ናት፤ ፊታቸውን ለሥራቸው ሲሉ የሚሸፍኑ ብዙ ሰዎች አሉ። ከአቧራ ለመዳን አፍና አፍንጫውን በሻርፕ የሚጠቀልል የግንባታ ሠራተኛ አለ፤ መረብ ተሸክሞ ከጀልባ የሚወርድ ዓሣ አስጋሪ አለ፤ ንብ አናቢ ወንፊታማ ኮፍያውን ያጠልቃል፤ የባጃጅ ሾፌር ፊቱ ለተሳፋሪ የሚታየው በመስታወት ቁራጭ ብቻ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ግን የብየዳ ሠራተኛን ነው። በርና መስኮት የሚሠሩ የብረታ ብረት ቤቶች በየሰፈሩ ይገኛሉ፤ የሚበይደው ወጣት ጭምብሉን በቀን ውስጥ ደጋግሞ ያወርዳል፣ ያነሣል። ለእርሱ ጭምብል ማድረግ ትወና ስላልሆነ ሰውነቱ አይደነግጥም። ክንዱ ላይ የተቃጠሉ ትንንሽ ነጠብጣቦች፣ የለበሰው የቆዳ ሽርጥ፣ ብረቱን በግራ እጁ ደግፎ የሚንበረከክበት ሁኔታ ሁሉ ስለ እርሱ ይናገራል። አንድ ነገር ግን አጥብቀው ይጠብቁ፤ የብየዳ ብልጭታ ዓይንን የሚጎዳ ጨረር ስላለው በዓይንዎም ሆነ በካሜራው መመልከቻ አይዩት። ሥራውን ለአፍታ አቁሞ ጭምብሉን ዝቅ እንዳደረገ ያንሡት። በበሩ በኩል የሚገባው የቀን ብርሃን ለዚህ ይበቃል፤ ብልጭታው እንዲታይ ብሎ አደጋ መጋበዝ አያስፈልግም።

ከውጭ የመጣ የእንጨት ጭምብል ለማጥለቅ የሚያስብ ሰው ደግሞ ቆም ይበል። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ብዙ ጭምብሎች የቀብር፣ የአባቶች መታሰቢያ ወይም ወጣቶች ወደ ሙሉ ሰውነት የሚሸጋገሩበት ሥርዓት አካል ናቸው፤ ማን እንደሚያጠልቃቸውና መቼ እንደሚወጡ ደንብ አላቸው። ትርጉሙን ሳያውቁ ለውበቱ ብቻ መጠቀም የሌላውን ሕዝብ ሥርዓት ጌጥ ያደርገዋል። አንጎላዊው ኤድሰን ቻጋስ የአፍሪካ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎችን ዘመናዊ ልብስ አልብሶ በፓስፖርት ፎቶ አቀማመጥ ሲያነሣ ስለ ማንነትና ስለ መታወቂያ የሚጠይቀው ግልጽ ጥያቄ ነበረው። ጥያቄ ያለው ሰው ጭምብል የመረጠበትን ምክንያት ማስረዳት ይችላል።

የሌሎችን ሥራ ማየት ይጠቅማል። የአገራችን ልጅ አይዳ ሙሉነህ የሴቶችን ፊትና አካል በደማቅ ቀለም እየቀባች የምትሠራቸው ምስሎች ፊት ሳይሸፈን እንዴት ጭምብል እንደሚሆን ያሳያሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ደግሞ ብዙ ወጣት ፎቶ አንሺዎችን አስተዋውቋል። አሜሪካዊው ራልፍ ዩጂን ሚትያርድ መተዳደሪያው የመነጽር ሥራ ነበር፤ በዕረፍት ቀኑ ሚስቱንና ልጆቹን ርካሽ የላስቲክ ጭምብል አስጠልቆ በተተዉ ቤቶች ውስጥ ያነሣቸው ነበር። የእርሱን ሥራ ሲያዩ ዓይንዎን ከጭምብሉ ላይ አንሥተው ወደ ልጆቹ ጉልበትና እጅ ይውሰዱት፤ ልጅነታቸው እዚያ ቁጭ ብሏል።

ፊትን መሸፈን ለእኛም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል ልዑክ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አጼ ልብነ ድንግልን ሲያይ ንጉሡ አፋቸውና ጺማቸው በሰማያዊ ሐር ተሸፍኖ እንደነበር፣ ጨርቁም አልፎ አልፎ ዝቅ ሲል ፊታቸው ይታይ እንደነበር ጽፏል። ከዚህ የሚወሰድ የሥራ ትምህርት አለ፤ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ፊት ይልቅ ጨርቁ የሚነሣበትና የሚወርድበት ቅጽበት የበለጠ ኃይል አለው። ያንን እንቅስቃሴ በተከታታይ ያንሡ።

ሌላም አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ቅዱሳን በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎች ደግሞ አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ በጎን ይሣላሉ። በዚህ ሥዕል ያደገ ተመልካች አንድ ዓይን የተሸፈነበትን ፖርትሬት ሲያይ ሳያስበው ጥርጣሬ ሊሰማው ይችላል። ስለዚህ የደግ ሰው ፊት በግማሽ በሚሸፍኑበት ጊዜ ወይ ሁለቱንም ዓይኖች ያስቀሩና አፉን ይሸፍኑ፣ ወይም ሁለቱንም ዓይኖች ይሸፍኑ። አንዱን ብቻ የሚሸፍኑ ከሆነ ያ ጥርጣሬ በምስሉ ውስጥ እንዲኖር ፈልገው ይሁን።

መሸፈኛውን መምረጥና ማዘጋጀት

ነጠላ ከሁሉም ቀላሉ ይመስላል፤ ብርሃኑን ካልተረዱት ግን ከሁሉም አስቸጋሪው ነው። ስስ ጨርቅ በፊት ለፊቱ ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ያበራና እንደ ግድግዳ ይዘጋል፤ ከኋላው ያለው ፊት አይታይም። ብርሃኑ ከጨርቁ ጀርባ ሆኖ ፊቱ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ጨርቁ ይሳሳና ፊቱ ይወጣል። ስለዚህ አንዲት ሴት ፊቷን በነጠላ ጋርዳ መስኮት አጠገብ ብትቀመጥ፣ ወደ መስኮቱ ስትዞርና ከመስኮቱ ስትመለስ ሁለት የተለያዩ ፎቶዎች ያገኛሉ። ጎኗን ለመስኮቱ ሰጥታ የመስኮቱ ብርሃን በጨርቁና በፊቷ መካከል እንዲገባ ማድረግ ከተቻለ አፍንጫዋና ጉንጯ ብቻ በጥላ መልክ ይወጣሉ፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። ጋቢ ለዚህ አይሆንም፣ ወፍራም ነው። አለባበሱን ደግሞ ለራሷ ይተዉላት፤ ጥለቱን ወደ ፊቷ ካመጡት የለቅሶ አለባበስ ሊመስል ይችላልና።

ወንፊት በብርሃንና በፊት መካከል ሲያዝ በፊቱ ላይ የጥልፍልፍ ጥላ ይጥላል። ፀሐይዋ ዝቅ ባለችበት ሰዓት ወንፊቱን ከፊቱ አንድ ስንዝር ያህል ያርቁት፤ በቀረበ ቁጥር ጥላው ይጠራል፣ በራቀ ቁጥር ይደበዝዛል። የዓሣ መረብም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን መረቡ የአስጋሪው የዕለት እንጀራ ስለሆነ እርሱ ራሱ እንዲይዘው እንጂ እርስዎ እንዳይጎትቱት። ሰፌድ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። በሰፌድ ሲሸፈን ፎቶውን የሚሸከሙት የያዙት እጆች ናቸው፤ ጣቶቹ ከጠርዙ በደንብ እንዲታዩ ያድርጉ።

ኮባ በሲዳማ አካባቢ በየጓሮው የሚገኝ ድንቅ መሸፈኛ ነው። ቅጠሉ ትልቅና በደም ሥሮቹ መስመር የሚሰነጠቅ ስለሆነ ሁለት ቀጭን ስንጥቅ ከተደረገለት ዓይን ይወጣበታል። ለጋውን ቅጠል እንዲሁ ካጠፉት ይቀደዳል፤ ለድፎ ዳቦ እንደሚደረገው በእሳት ላይ ለጥቂት ሰከንድ ካሳለፉት ግን ይለሰልሳል፣ እንደ ልብም ይታጠፋል። ጭማቂው ልብስ ላይ ቡናማ እድፍ ስለሚተው ነጭ የለበሰ ሰው ላይ አይጠቀሙበት። አረንጓዴው ወደ ፊት ቆዳም ይንጸባረቃል፤ ከጎን ነጭ ካርቶን ካቆሙ ይቀንሳል።

መስታወት ከጭምብል ሁሉ ይለያል፤ ፊቱን ሸፍኖ በምትኩ ቦታውን ያሳያል። ተነሺው የግድግዳ መስታወት የሚያህል ቁራጭ በፊቱ ትይዩ ይዞ ይቁም። መስታወቱ ወደ እርስዎ ቀጥ ካለ እርስዎን ከነካሜራዎ ያሳያል። የላይኛውን ጠርዝ ትንሽ ወደ ኋላ ካዘነበለው ሰማይ ይገባበታል፤ ወደ ጎን ካዞረው የሐይቅ ዳሩ ዋርካ ይገባበታል። ሲያስተካክሉ መስታወቱን የሚያይ እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ለተነሺው «ትንሽ ወደ ቀኝህ፣ እዚያ ላይ አቁም» እያሉ በቃል ይምሩት። ስለታም ጠርዝ ካለው አስቀድመው በፕላስተር ይጠቅልሉት።

የራስዎን የወረቀት ጭምብል መሥራት ከፈለጉ አድካሚ ቢሆንም ያስደስታል። አንድ እጅ የስንዴ ዱቄት በአራት እጅ ውሃ በጥብጠው በለሰለሰ እሳት እያማሰሉ እንደ ሙጫ እስኪወፍር ያብስሉትና ያቀዝቅዙት። ፊኛ የሰው ራስ እስኪያህል ይንፉ። አሮጌ ጋዜጣ ሦስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ዘለላዎች ቀድደው በሙጫው እየነከሩ አምስት ድርብ ያህል ያልብሱት፤ ከሁለተኛውና ከአራተኛው ድርብ በኋላ እንዲደርቅ ይተዉት። በበጋ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይበቃል፣ በክረምት ይዘገያል። ሲደርቅ ፊኛውን አፈንድተው ለሁለት ሲከፍሉት ሁለት ጭምብል ያገኛሉ። የዓይን ቀዳዳውን በግምት አይቁረጡ፤ የአዋቂ ሰው የሁለቱ ዓይኖች ብሌን ርቀት በአማካይ 6.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከሰው ሰው ስለሚለያይ የተነሺውን በማስመሪያ ይለኩ። ላስቲኩን በጆሮ ከፍታ ያስሩት። ቀለሙ የማያብለጨልጭ ይሁን፤ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ጠመኔ ፈጭተው ይቀቡት።

የጭምብሉን ውስጥ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚቀቡት ብዙ ሰው አያስበውም፤ ውጤቱን ግን በጣም ይለውጣል። ውስጡ ጥቁር ከሆነ ብርሃን አይመለስምና የዓይን ቀዳዳዎቹ ባዶ ጉድጓድ ይመስላሉ። ውስጡ ነጭ ከሆነ በቀዳዳው የገባው ብርሃን ወደ ዓይኖቹ ይንጸባረቃል፣ ሕይወት ያለው ዓይን ይታያል። ፖርትሬት የሚፈልግ ሰው ውስጡን ነጭ ይተወው።

ሰዓትና ብርሃን

ሀዋሳ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ነው ያለችው። ይህ አንድ መስመር የሥራ ዕቅድዎን ይወስነዋል። ጠዋት ፀሐይ ከከተማው ጀርባ ትወጣለች፤ ሐይቁን ከኋላው አድርጎ የቆመ ሰው ፊት ለፊት ብርሃን ያገኛል። ጭምብሉ፣ ቀለሙ፣ የሰፌዱ ስፌት ሁሉ በግልጽ ይወጣል። አመሻሽ ላይ ፀሐይ በሐይቁ በኩል ስትወርድ ያው ሰው ከኋላው ብርሃን ያገኛል፤ ነጠላው ይሳሳል፣ መረቡ ጥቁር መስመር ይሆናል፣ ሰውነቱ በጥላ ይቀረጻል። ለቀለምና ለዝርዝር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ለቅርጽና ለስስ ጨርቅ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ጀምበር እስክትጠልቅ ይሥሩ።

እኩለ ቀን ጭምብል የሚገድል ሰዓት ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ7 ዲግሪ ገደማ ስለምትገኝ በመጋቢትና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ፀሐይዋ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ በአናት ላይ ትቆማለች፤ በሌላውም ወቅት ከዚያ ብዙም አትርቅም። ብርሃኑ ከላይ ሲወርድ የጭምብሉ ግንባር ነድዶ ዓይኖቹ ይጨልማሉ። በዚያ ሰዓት መሥራት ግዴታ ከሆነ በዋርካ ጥላ ወይም በቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ ሥር ይግቡና ተነሺው ወደ ብሩህ ሜዳው ይዙር፤ ባዶ ነጭ የዱቄት ከረጢት ወይም ካርቶን ከወገቡ በታች ዘርግተው ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሱለት። ከሥር የሚመጣው ብርሃን በቀዳዳዎቹ ገብቶ ዓይኖቹን ያነቃቸዋል።

አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ጠዋት ላይ ለዚህ ሥራ የተሠራ ቦታ ይመስላል። ጀልባዎች ይመጣሉ፣ መረብ ይራገፋል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የተጣለላቸውን ይጠብቃሉ። ሰው በሥራ ላይ ስለሆነ ግን ፎቶዎን ለማሳመር ብለው አያስቁሙት፤ ሥራው እስኪያልቅ ይጠብቁት። ጭምብል ያጠለቀ ሰው የጎን እይታው ስለሚጠፋ በገደል፣ በጀልባ ጠርዝና በውሃ አፋፍ አያቁሙት፤ ሐይቁ ጉማሬ እንዳለበትም አይርሱ።

ካሜራውን ማስተካከል

የዛሬ ካሜራዎችና ስልኮች ፊትና ዓይን ፈልገው ራሳቸው ያነጣጥራሉ። ፊቱ ሲሸፈን ይሄ ችሎታ ይሳሳታል፤ ወይ ከኋላ የሚያልፈውን ሰው ይይዛል፣ ወይ ጭምብሉ ላይ በተሣለው ዓይን ይታለላል። ስለዚህ ያጥፉትና አንድ ነጥብ ብቻ መርጠው ራስዎ ያነጣጥሩ። ዓይን በቀዳዳ የሚታይ ከሆነ በዓይኑ ላይ፣ ካልታየ ለእርስዎ በቀረበው የጭምብሉ ጠርዝ ላይ፣ እጅ ዋናው ከሆነ በጣቶቹ ላይ። በስልክ ከሆነ የፈለጉትን ቦታ በጣትዎ ተጭነው እስኪቆለፍ ይያዙት።

የሌንሱን መክፈቻ በጣም አያስፉት፤ የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን መክፈቻው ይሰፋል። በጭምብሉና በዓይኑ መካከል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት አለ፤ በኤፍ 1.8 ከቅርብ ሲያነሡ አንዱ ጠርቶ ሌላው ይደበዝዛል። ኤፍ 4 ወይም ኤፍ 5.6 ሁለቱንም ይይዝልዎታል። ከ50 እስከ 85 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ ይበቃል፤ እጆችና ትከሻ እንዲገቡ ወደ ኋላ ይራቁ፣ ከወገብ በላይ ያለውን ይያዙ። ጨርቅ በሐይቅ ነፋስ ሲውለበለብ ጥርት ብሎ እንዲታይ የመዝጊያው ፍጥነት 1/250 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ ይሁን፤ እንቅስቃሴው እንዲሰማ ከፈለጉ በመደገፊያ ላይ አድርገው 1/15 ይሞክሩ፣ ተነሺው ሳይንቀሳቀስ ጨርቁ ብቻ ይፈስሳል።

ካሜራ ነጭ ነገር ሲበዛበት ብርሃን የበዛ ይመስለውና ምስሉን ያጨልማል። በነጠላ የተጠቀለለ ጠይም ፊት በዚህ ምክንያት ከሰል ሆኖ ይወጣል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ማስተካከያ ወደ መደመር 1 ያድርሱና ይዩ፤ የነጠላው ሽመና እስካልጠፋ ድረስ ትንሽ ሊጨምሩ ይችላሉ። ጥቁር ጭምብል ሲሆን በተቃራኒው ይቀንሱ። በስልክ ከሆነ ከቆለፉ በኋላ ጣትዎን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይጎትቱ።

ጀርባን በራሱ የሚያደበዝዘውን የስልክ ሁነታ ለዚህ ሥራ አይጠቀሙ። የነጠላውን ዘርፍ፣ የመረቡን ክር፣ የሰፌዱን ጠርዝ ከጀርባው ጋር እያምታታ ይበላዋል። ፍላሽም በካሜራው ላይ እንዳለ አያብሩት።

ሰውየውን መምራት

ጭምብል ሲያጠልቅ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ይለቀቃል። ሦስተኛው ላይ ለመድረስ ጊዜ ይስጡት። መስታወት ፊት አቁመውት ራሱን እንዲያይ ያድርጉ፤ ጭምብሉ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው በውስጡ መኖር አይችልም። ሕፃን ከሆነ ጭምብሉን አስቀድሞ ይዞት ይጫወት፣ ለእርስዎም ያስጠልቅዎት፤ የፈራ ልጅ ላይ ግን ፈጽሞ አይጫኑ።

የማይንቀሳቀስ ጭምብል ስሜት ሊለውጥ ይችላል። የጃፓን የኖ ቲያትር ተዋንያን ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ጭምብሉን ትንሽ ወደ ላይ ሲያነሡት ፈገግ ያለ ይመስላል፣ ትንሽ ዝቅ ሲያደርጉት ያዘነ ይመስላል። ምክንያቱ ጥላ ነው፤ የግንባሩና የከንፈሩ ጥላ በጣም ትንሽ በሆነ ማዘንበል ይቀየራል። ተነሺው አገጩን በሁለት ጣት ውፍረት ያህል ከፍ፣ ከዚያ ዝቅ እንዲያደርግ እየነገሩ በየደረጃው ያንሡ። በኋላ ጎን ለጎን ሲያዩዋቸው የምመክረውን ሁሉ ያምኑኛል።

ፊቱን ማየት ስለማይችሉ እየተመቸው መሆኑንም ማየት አይችሉም። ይህን ቀላል ነገር የሚዘነጉ ብዙ ናቸው። በየጥቂት ደቂቃው «እንዴት ነህ? እየተነፈስክ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ እጁን ሲያነሣ ወዲያው እንደሚያቆሙ አስቀድመው ይስማሙ። ታላቅ ሰው ከሆኑ «አባቴ፣ ጭምብሉን ላውልቅልዎ?» ማለት ይገባል፤ ለእኛ ሰው ክብሩን ጠብቆ «በቃኝ» ማለት ይከብደዋልና ጠይቀው ያሳርፉት።

አሁን ያ ማስታወሻ ይውጣ። ቡና ሲጠጣ ስኒውን በሁለት እጁ ያቅፍ ከነበረ ስኒ ይስጡት። ጉልበቱን ያሻሽ ከነበረ ያስቀምጡትና ወሬ ያስጀምሩት፤ ስለ ልጆቹ ወይም ስለ ሥራው ይጠይቁት። ሰው ከጭምብል ውስጥ ሆኖ ሲያወራ እጆቹ ከልክ በላይ ይናገራሉ፣ ፊቱ የሚሠራውን ሥራ ይወስዳሉና። ያንን ጊዜ አያሳልፉ። በመጨረሻም ጭምብሉን ሲያወልቅ ካሜራዎን አያውርዱ፤ ላብ ያጠበው ፊት፣ የላስቲኩ ምልክት፣ የመጀመሪያው ረጅም ትንፋሽ ከሁሉም የሚበልጥ ምስል ሊሆን ይችላል። እርሱም እንዲነሣ አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ።

ፊት ለደኅንነት ሲሸፈን

መለኪያው የሚገለበጠው እዚህ ነው። ከስደት ተመላሽ፣ ጥቃት የደረሰባት ሴት፣ ሕመሙን ለሰፈሩ ያልነገረ ሰው ታሪኩን ሲሰጥዎ እናቱም እንኳ እንዳታውቀው ሆኖ መነሣት አለበት። እስካሁን ያልኩት ሁሉ፣ እጁ፣ ትከሻው፣ ነጠላው የሚጣልበት ጎን፣ አሁን አሳልፎ ይሰጠዋል። ስለዚህ ቀለበት ይወልቅ፤ ልብሱ በየቀኑ የሚለብሰው አይሁን፤ ንቅሳትና ጠባሳ ከፍሬም ይውጣ። ጀርባው የሰፈሩን በር፣ የሱቅ ጽሑፍ ወይም የከተማችንን ታቦር ተራራ ካሳየ ቦታው ይታወቃል፤ ባዶ ግድግዳ ይምረጡ። በጎን የቆመ ጥላም የአፍንጫንና የአገጭን ቅርጽ አጥርቶ ስለሚያሳይ ጀርባውን ለካሜራው ይስጥ፣ ወይም ከካሜራው ሦስት አራተኛ ያህል ዞሮ ይቁም።

መሸፈኑ በሚያነሡበት ሰዓት ይጠናቀቅ። በኋላ በኮምፒውተር ማደብዘዝ በቂ መከላከያ አይደለም፤ አንዳንዱ ማደብዘዣ ሊመለስ ይችላል፣ ያልተደበዘዘው ምስልም በማስታወሻ ካርዱ ላይ ይቀራል። በሐይቁ ላይ ጀምበር ስትጠልቅ የሚነሣ ጥቁር ጥላም ያሞኛል። ጥቁር የመሰለው ፊት በማረሚያ ሲበራ ሊወጣ ስለሚችል ብርሃኑን በሰማዩ ለክተው ተጨማሪ ሁለት ደረጃ ይቀንሱ፤ ከዚያ ራስዎ በኮምፒውተር እስከ መጨረሻ አብርተው ፊቱ አለመውጣቱን ያረጋግጡ። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት የስልክዎን የቦታ መመዝገቢያና ፎቶዎችን በራሱ ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ የሚልከውን አሠራር ያጥፉ። ውጤቱን የሚፈትሸው ተነሺው ራሱ ነው፤ እርሱ ራሱን የሚያውቅበት ምልክት ካለ ነቅሶ ያወጣልዎታል።

ፈቃድና ኅትመት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይደነግጋል። ፊቱ ተሸፍኗል ብለው ፈቃዱን አይለፉት፤ የቅርብ ሰው ሊያውቀው በሚችል መልኩ የሠሩት እርስዎ ነዎትና። የት እንደሚታይና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ፣ በሚገባው ቋንቋ፣ በአጭር ወረቀት ይጻፉና ሁለታችሁም ፈርማችሁ አንዱን ለእርሱ ይስጡ። ለደኅንነቱ ለተሸፈነ ሰው ግን ስሙን በዚያ ወረቀት ላይ ጽፈው ከፎቶው ጋር አንድ ቦታ አያስቀምጡ።

ያለ ፈቃድ የማይነኩ ሰዎችም አሉ። ኒቃብ የለበሰች ሴት ጭምብል አላጠለቀችም፤ የለበሰችው የእምነቷን ልብስ ነው። በጉዱማሌ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፊቼ ጨምበላላ በዓል ላይ ያሉ አባቶችም በሥርዓታቸው ላይ ናቸው፤ ፊታቸውን ለእርስዎ ሐሳብ ብለው እንዲሸፍኑ አይጠየቁም።

ሲያሳትሙ የማያብለጨልጭ ወረቀት ይጠይቁ፤ የነጠላና የወረቀት ጭምብል ስስ ልዩነቶች በሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ በነጸብራቅ ይጠፋሉ። ማተሚያ ቤቱ ቀለሙን በራሱ «እንዳያሻሽል» ይንገሩ፤ ብዙ ጊዜ የጠየመ ቆዳን ያነጡታል። መጀመሪያ አንድ ትንሽ ናሙና አሳትመው በቀን ብርሃን ይመልከቱት፤ የእጆቹ ዝርዝር ከጠቆረ ሌላ ሳያዙ በፊት ትንሽ ያብሩት። የመጀመሪያውን ትልቅ ኅትመት ለተነሺው ይውሰዱለት፤ እዚያው ቤቱ ውስጥ ላሉት ሰዎች ያለ ማብራሪያ ያሳዩና ማን ብለው እንደሚጠሩ ያዳምጡ።